ከመስኮቱ ማዶ የነበረው ግድግዳ

እናቴ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ከማርያም ሥዕል ዝቅ ብሎ፣ የአያቴ ፎቶ ተሰቅሏል። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ከእጅ መዳፍ እምብዛም አይበልጥም። ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ተቆራርጧል፤ የዚያን ዘመን ፎቶ ቤቶች እንደዚያ ነበር የሚቆርጡት። አያቴ ነጠላዋን አጣፍታ መስኮት ዳር ቆማለች። ግማሽ ፊቷ ወደ መስኮቱ፣ ግማሹ ወደ ቤቱ ነው። መስኮቱ ደፍ ላይ አንዲት ድመት ተቀምጣለች። ፎቶ አንሺው የመጣው ለአያቴ ነበር፤ ድመቷን የጠራት የለም። ጀርባው ላይ በተማሪ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ለማይረሳ መታሰቢያ። ጥር 12 ቀን 1963 ዓ.ም.» የጻፈችው እናቴ ናት። ያኔ የ11 ዓመት ልጅ ነበረች።

መስኮቱ ዛሬም አለ። ቤቱ ፒያሳ ነው፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ ብዙም ሳይርቅ፤ ሌሊት ቅዳሴው አልጋችን ድረስ ይሰማል። የመስኮቱ እንጨት ስንት ጊዜ ቀለም እንደተደራረበበት እግዜር ይወቀው፤ በጥፍር ፋቅ ቢያደርጉት አረንጓዴው ሥር ቡኒ፣ ቡኒው ሥር ሰማያዊ ይወጣል። ከአምስቱ መስታወቶች አራቱ የድሮዎቹ ናቸው። አንዱን እኔ ነኝ በልጅነቴ በኳስ የሰበርኩት።

ድመትም አለች። ሻሼ ትባላለች። አመድማ ናት፤ ግንባሯ ላይ ግን ሻሽ ያሰረች የሚያስመስላት ነጭ አለ፤ ስሙን ያወጣችላት እናቴ ናት። ከ13 ዓመት በፊት ከአንድ ሥጋ ቤት ጓሮ በሹራቤ ጠቅልዬ ሳመጣት ዓይኗን ከገለጠች ብዙም አልቆየችም ነበር። አሁን አርጅታለች። ድሮ ከመሬት ተነስታ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ የምትገኝ ድመት፣ ዛሬ መስኮቱ ላይ ለመውጣት መጀመሪያ ወንበሩን፣ ከዚያ ጠረጴዛውን ትረግጣለች፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ቆም ብላ ታስባለች። ብሌኗ ውስጥ ሰማያዊ ጉም የመሰለ ነገር ሲታየኝ የዓይን ሞራ መስሎኝ ደንግጬ ሐኪም ጋ ወስጃት ነበር። ሞራ አይደለም አለኝ፤ የዓይን ሌንስ ከዕድሜ ጋር እየጠጠረ ሲሄድ እንደዚያ ይደበዝዛል፣ ማየቱን ግን ታያለች። ቢጫው ዓይኗ ላይም ድሮ ያልነበሩ ቡናማ ነጠብጣቦች ወጥተዋል። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይባላል፤ ሻሼም ሸመገለች እንጂ መስኮቱን አልረሳችም። ጠዋት ቡናው ሲፈላ ወጥታ ትቀመጣለች፣ ድንቢጦቹን ታያለች፣ እስከ ምሳ አትወርድም።

አንድ ቀን ከአያቴ ፎቶ ሥር ቆሜ ሻሼን በዚያው ደፍ ላይ፣ በዚያው አቀማመጥ አየኋት። የሷን ፎቶ አንስቼ ከአያቴ ጎን ልሰቅለው ወሰንኩ። አሮጌ መስሎ እንዲታይም ፈለግኩ። ስልኬ ውስጥ የሷ ፎቶ መአት ነው፤ ሁሉም ጥርት ያለ፣ ሁሉም ደማቅ፣ አንዱም ግድግዳ ላይ የሌለ። አሮጌዎቹን ፎቶዎች ግን ቤታችን ይጠብቃቸዋል። እሳት ቢነሳ እናቴ መጀመሪያ የምታወጣው የፎቶ አልበሙን መሆኑን አውቃለሁ። ሻሼን ከሚጠበቁት ጋር ልቀላቅላት ነበር የፈለግኩት። ብዙ ጊዜ እንደማይቀራት እያወቅኩ ነው ይህን የማስበው።

መጀመሪያ ሁሉም ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ። አንስቼ ፊልተር ጫንኩበት። አንድ ጊዜ በጣቴ ስነካው ፎቶው ቡኒ ሆነ፣ ጠርዙ ጠቆረ፣ ጭረትና የውሃ ጠብታ የሚመስል ነገር በላዩ መጣ። ለአፍታ ደስ አለኝ። ከዚያ ሌላ ፎቶ ላይ ሞከርኩት፤ ጭረቱ እዚያው ቦታ፣ ጠብታውም እዚያው ቦታ። ሦስተኛውም ላይ እንደዚያው። በአያቴ ፎቶ ላይ ያለውን ጭረት ግን አውቀዋለሁ፤ አጎቴ አሜሪካ ሲሄድ ቦርሳው ውስጥ ከትቶት፣ ደርሶ መልሶ ሲልከው የመጣ ጭረት ነው። ባለቤት የሌለው ጭረት ምን ያደርጋል? አጠፋሁት።

ታኅሣሥ 23 ጋሼ መጡ። ጋሼ የቀድሞ ጎረቤታችን ናቸው። ሰፈሩ በ2016 ሲፈርስ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብተዋል፤ ወር በገባ በ23 ግን ጊዮርጊስን ተሳልመው ሳይበሉ ሳይጠጡ በቀጥታ እኛ ቤት ነው የሚመጡት። በወጣትነታቸው ፒያሳ ከነበሩት ፎቶ ቤቶች በአንዱ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሠርተዋል። ፒያሳ የፎቶ ሰፈር ነበረች። የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበረው አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያንና ከሱ በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ሙያውን ለብዙ ዓመት ይዘውት ቆይተዋል። ጉርድ ፎቶም ሆነ የሠርግ ፎቶ የፈለገ ሰው ከየሰፈሩ ተጣጥቦ፣ ተቀባብቶ ወደ ፒያሳ ነበር የሚወጣው።

ለጋሼ ስልኬን አሳየኋቸው። አንዱ ቡኒ ፎቶ ሳይጠፋ ቀርቶ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ምነው ልጄ፣ ለምን ቡኒ አደረግሻት?»

«አሮጌ እንዲመስል ነው ጋሼ።»

«አሮጌ ፎቶ እኮ ቡኒ ሆኖ አልተወለደም። እኛ ቡኒ የምናደርገው እንዳያረጅ ብለን ነበር።»

እስከዚያች ቀን ድረስ ቡኒ ቀለም ማለት የዕድሜ ዝገት ይመስለኝ ነበር። ጋሼ በሁለት ስኒ ቡና አስተማሩኝ። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ጥቁሩ ነገር ብር ነው፤ መስቀል የሚሠራበት ያው ብር፣ በጣም ደቅቆ ወረቀቱ ላይ የተቀመጠ። ብር ደግሞ ጠላት አለው። አየር ውስጥ ያለው ድኝ ይይዘዋል፤ የእናቴ የአንገት መስቀል በየዓመቱ የሚጠቁረው ለዚህ ነው። ፎቶ ቤቶች ታዲያ ፎቶውን አስቀድመው ድኝ ባለበት ውህድ ውስጥ ይነክሩታል። ብሩ ድኙን አንዴ ከያዘ ቡኒ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ አየሩ ቢመጣ የሚበላው ነገር አያገኝም። «ሽታው የበሰበሰ እንቁላል ነው፣ እቤት ስገባ ልጆቼ ይሸሹኝ ነበር» አሉኝ። ሴፒያ የሚለው ስም የመጣው ከአንድ የባሕር እንስሳ ነው፤ ሲደነግጥ የሚረጨው ቡኒ ቀለም ድሮ ለጽሑፍና ለሥዕል ያገለግል ነበር።

ስለዚህ ያ ቡኒ የጥንቃቄ ቀለም ነው። ቡኒ የሚደረገው ሰው እንዲቆይ የፈለገው ፎቶ ነው። ጊዜ ራሱ የሚያመጣው ቢጫ ሌላ ነው፤ ፎቶው ሲታጠብ የቀረበት መድኃኒት ውሎ አድሮ የሚያወጣው እድፍ። «ውሃ በጠፋ ቀን የታጠበ ፎቶ ያስታውቃል» አሉ ጋሼ። እናቴ አልበሙን አውጥታ ሰጠቻቸው፣ ጣታቸውን እየጣሉ «ይሄ ውሃ አላገኘም፣ ይሄ በደንብ ታጥቧል፣ ይሄ ደግሞ ችኮላ ነው» ይሉ ጀመር። ወደ ባለ ቀለሞቹ ሲደርሱ ዝም አሉ። የሰባዎቹ የልደት ፎቶዎቻችን ሁሉም ወደ ቀይ ሄደዋል። በባለ ቀለም ፎቶ ላይ ብር የለም፣ ሦስት ማቅለሚያዎች ብቻ ናቸው የሚቀሩት፤ ከሦስቱ ሰማያዊና አረንጓዴ የሚያወጣው ሲሞት ቀዩ ብቻውን ይቀራል። የኔ ሕፃንነት ቀይ ሆኗል፣ የአያቴ እርጅና ግን ገና ጥርት እንዳለ ነው።

ያን ዕለት ማታ የልዑል ዓለማየሁን ፎቶ ከስልኬ ፈልጌ አየሁት። ማንም ኢትዮጵያዊ የሚያውቀው ፎቶ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1868 ከመቅደላ ተወስዶ፣ ያው ዓመት ሳያልቅ እንግሊዝ አገር ዋይት በምትባል ደሴት ላይ ፎቶ አንሺዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ያነሳችው፤ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ዓይኑ የትም የማያይ። የዚያ ዘመን ወረቀት ብሩን የሚይዘው በእንቁላል ነጭ ነበር፣ ሞቅ ያለ ቡኒነቱም የዚያ አሠራር ውጤት ነው። 18 ዓመቱ ላይ እዚያው እንግሊዝ አገር ሞተ። ይህን ካየሁ በኋላ ቡኒን እንደ ሽቶ ፎቶ ላይ መርጨት አላስቻለኝም። ያ ቀለም ሰው አለበት።

ጋሼ ሌላም ነገር ጥለውልኝ ነበር የሄዱት። የመጀመሪያዎቹ የፎቶ ሳህኖች፣ በፊልም ፋንታ ብርሃኑን የሚይዙት፣ ቀይና ቢጫን አያዩም ነበር፣ የሚያዩት ሰማያዊውን ብርሃን ነበር አሉኝ። በጣም ድሮ በተነሱ ፎቶዎች ላይ ሰማዩ ሁልጊዜ ባዶ ነጭ፣ ቀይ ልብስ ደግሞ ጥቁር የሚሆነው ስለዚህ ነው። ኮምፒውተር ላይ ቀላል ነው። አንድ ዲጂታል ፎቶ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሆኖ ነው የሚቀመጠው፤ ሰማያዊውን ብቻ አስቀርቼ ሁለቱን ጣልኳቸው። ሻሼን አላወቅኳትም። ቢጫ ዓይኖቿ ጠቆሩ። ቢጫ ነገር ሰማያዊ ብርሃን አይመልስምና ዓይኗ የጉድጓድ ውሃ መሰለ፣ ውጩ በሙሉ ነጭ ሆነ፣ ግንባሯ ላይ ያለው ሻሽ ብቻ አበራ። ቆንጆ ነበር፤ አሁንም አስቀምጬዋለሁ። ግን የምኒልክ ዘመን ድመት ሆነች። በ1963 የነበረው ፊልም ቀለሞቹን ሁሉ ያይ ነበር። ከአያቴ ጎን ባስቀምጣት ስልሳ፣ ሰባ ዓመት ልትበልጣት ነው። እኔ ደግሞ ጎረቤት እንዲሆኑ ነበር የፈለግኩት።

እንደ ተራው ሰው ጥቁርና ነጭ አድርጌ አየኋት። ንፅፅሩን ቀነስኩ፣ ጥቁሩን ትንሽ ወደ ግራጫ አነሳሁ። አሁንም አልሆነም። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ሳያቸው የአያቴ ፎቶ ሙቀት አለው፣ የኔ ብርድ ይዞታል። ቀለም በሌለበት ፎቶ ላይ ብርድ እንዴት ይታያል? ለአንድ ሳምንት ያህል ይህ ጥያቄ አልተወኝም፤ ሥራ ቦታ እንኳ የሰው ፊት ላይ ጥላ ስፈልግ እውል ነበር።

መልሱ የአያቴ አገጭ ሥር ነበር። ፎቶውን ከግድግዳው አውርጄ መስኮት ዳር ወስጄ አየሁት። ከመስኮት ብርሃን ሲገባ ዘወትር ከላይ ነው የሚመጣው፣ ከሰማይ፤ ስለዚህ አገጭ ሥር፣ ከቅንድብ ሥርም ይጨልማል። በኔ ፎቶዎች ላይ ሻሼ አገጯ ሥር ጥቁር ናት። አያቴ ግን አገጯም፣ የነጠላዋ የውስጥ እጥፋትም፣ የዚያች ድመት ሆድም ብርሃን አላቸው። ብርሃኑ ፊት ለፊት ነው የመጣው፣ ከሰው ቁመት። ማዶ የሚያበራ ነገር ነበር።

«እማዬ፣ ያኔ እዚህ ማዶ ምን ነበር?»

እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፣ ቀና እንኳ አላለችም። «ግድግዳ ነዋ። የጎረቤቶቻችን ግድግዳ። ረሳሽው?»

አልረሳሁትም። እዚያ ግድግዳ ላይ ኳስ መትቼበታለሁ፣ በከሰል ጽፌበት ተገርፌያለሁ። በኔ ዘመን ግን አመድ የመሰለ፣ ልጥፉ የረገፈ ግድግዳ ነበር። በ2016 ከነቤቱ ሄደ። አሁን በቦታው ቆርቆሮ አጥርና ከሱ በላይ ባዶ ሰማይ ነው።

«ነጭ ነበር እንዴ?»

«ኖራ ይቀቡት ነበር፣ በየዓመቱ ለጥምቀት። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚባለው ለቀሚስ ብቻ መሰለሽ? ለግድግዳውም ነው። እናቴማ ስትናደድ ‹ይሄ ግድግዳ ዓይኔን አጠፋው› ትል ነበር።»

ቢላዋዋን አስቀምጣ መስኮቱ ጋ መጣች። ሁለታችንም ቆርቆሮውን አየነው።

የውጭ አገር የፎቶ መማሪያዎች ስለ መስኮት ሲናገሩ ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ፈልጉ ይላሉ፤ በነሱ አገር ቀትር ላይ ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ ስለሆነች ሰሜኑ ዓመቱን ሙሉ ለስላሳ ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ የምትርቀው 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይና ነሐሴ ማብቂያ ገደማ፣ ቀትር ላይ በትክክል አናታችን ላይ ትሆናለች። በሁለቱ መካከል፣ ክረምቱን፣ በሰሜናችን በኩል ታልፋለች፤ በጋውን በደቡባችን። የኛ መስኮት ሰሜን ነው የሚያየው። በጥር ፀሐይ ከጀርባችን፣ ከጣሪያችን በላይ ሆና ማዶ ያለውን ግድግዳ ፊት ለፊት ትመታዋለች። ግድግዳው በኖራ ነጭ ከሆነ ደግሞ ብርሃኑን ተቀብሎ ወደኛ ቤት ይመልሰዋል። አያቴ ከጥምቀት ማግስት፣ ግድግዳው በተቀባ ሰሞን፣ በጥር ፀሐይ ነው የተነሳችው። ፎቶው ውስጥ የሚሞቀው ነገር የጎረቤት ኖራ ነበር።

ግድግዳው ሲፈርስ ሰዎቹን ነበር ያጣሁት የመሰለኝ። ዕቃ ሲጭኑ አብሬ ጭኛለሁ፣ አልቅሻለሁ። ሳሎናችን ውስጥ ይገባ የነበረ ብርሃን አብሮ መሄዱን ግን ማንም አልነገረኝም፣ ራሴም አላየሁትም። ሰፈር ሲለወጥ መብራት የሚሆን ነገር ከሰው ቤት ይወጣል ብሎ ማን ያስባል?

እናቴን ጋቢዋን ለመንኳት። አቧራ ይጠጣል ብላ ትንሽ አንገራገረች፣ ከዚያ ራሷ ከሳጥን አወጣችው፤ ያልተለበሰውን፣ አራት እጥፉን። ከመስኮቱ አራት እርምጃ ርቀን የልብስ ማስጫ ሽቦ ወጥረን ሰቀልነው። ቀረብ ቢል የቤታችን ጥላ ይይዘዋል፣ ራቅ ቢል ብርሃኑ ይሳሳል፤ ሦስቴ አነሳነው፣ ሦስቴ ሰቀልነው። ከቀኑ 5 ሰዓት ላይ ፀሐይ ጣሪያችንን ተሻግራ ጋቢው ላይ አረፈች። ወደ ውስጥ ገባሁ።

ሳሎኑ ሌላ ቤት ሆኖ ነበር። ኮርኒሱ ነጣ። የቡፌው መስታወት፣ ወንበሮቹ ላይ ያለው ዳንቴል፣ የማርያም ሥዕል የታችኛው ጠርዝ፣ ሁሉም ከጎን የበራ መሰለ። እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ፊቷን አየሁት፣ አገጯ ሥር ጥላ የለም። እጇን አንስታ መዳፏ ላይ ያለውን ብርሃን ዝም ብላ ታይ ነበር።

ሻሼ ያን ቀን አልመጣችም። ውጭ ወጥታ ጋቢው ሥር ተኛች። በማግስቱም እንደዚያው። አልጠራኋትም፣ ሥጋ አሳይቼም አላመጣኋትም። ድመት ተጠርታ ስትመጣ ፊቷ ላይ ጥያቄ ይኖራል፤ እኔ የፈለግኩት ራሷ ፈቅዳ የምትቀመጠውን መቀመጥ ነው። ጠረጴዛው አጠገብ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ሁለት ቀን ጠበቅኩ።

መጠበቁን ወደድኩት። ፎቶ ራሱ ከመስኮት ነው የተወለደው። እስከ ዛሬ ከቆዩት የካሜራ ፎቶዎች ሁሉ የመጀመሪያውን ኒየፕስ የሚባል ፈረንሳዊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1826 ወይም በ1827 ሲያነሳ ከቤቱ መስኮት ወደ ውጭ ነበር ያነጣጠረው፤ ሳህኑ ብርሃኑን እስኪይዝ ብዙ ሰዓት ፈጅቷል። እንግሊዛዊው ታልቦት በዚያው አቆጣጠር በነሐሴ 1835 ያነሳትና እስከ ዛሬ የቆየችው የቴምብር ያህል ነጌቲቭም የራሱ ቤት መስኮት ናት። ሁለት ሰዎች በሁለት አገር፣ የሚያነሱት ጠፍቶ ሳይሆን ብርሃኑ ያለው እዚያ ስለሆነ። ሌላው ፈረንሳዊ ዳጌር ደግሞ በ1838 ከከፍታ ሆኖ አንድ የፓሪስ መንገድ አነሳ። ደቂቃዎች ስለሚፈጅ የሚራመደው ሰውና የሚያልፈው ሠረገላ ሁሉ ሳይያዝ ጠፋ፣ መንገዱ ባዶ ሆኖ ወጣ። ጎልቶ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጥግ ላይ ቆሞ ጫማውን የሚያስጠርግ ሰው። ሊስትሮ ፊት እግሩን አስቀምጦ ዝም ስላለ በፎቶ ተይዘው ከሚታወቁት ሰዎች የመጀመሪያው ሆነ። ፒያሳ ሊስትሮዎቹ ጋ በተቀመጥኩ ቁጥር ያ ሰው ትዝ ይለኛል። የቆመ ይቀራል። ሻሼም ከዕድሜዋ የተነሳ አሁን ብዙ አትንቀሳቀስም፤ በወጣትነቷ ያነሳኋት ፎቶዎች ግማሹ ጭራ ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ ጥር 14፣ መጣች። ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ እዚያ ቆም፣ ከዚያ ደፉ። ጀርባዋን ለኔ ሰጥታ ተቀመጠች፣ ጆሮዋን ብቻ አዞረች። በጉልበቴ ተንበረከክኩ፣ ስልኩን ከዓይኗ እኩል አደረግኩ። ከላይ ሆኖ የተነሳ ድመት ዕቃ ይመስላል። ፍላሽ አጥፍቻለሁ፤ ድመት ዓይኗ በስተጀርባ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላላት ፍላሽ ሲነካት ዓይኗ ይነድዳል። ስልኩ በራሱ ጥላውን ሁሉ ለማብራት የሚያደርገውን ማስተካከያም አጠፋሁ። የድሮ ፎቶ ጥላውን ለጥላ ይተወዋል። ጣቴን ጉንጯ ላይ ያለው ፀጉር ላይ አሳርፌ ብርሃኑን ቆለፍኩና ትንሽ ወደ ታች ጎተትኩት፤ ያን ባላደርግ ስልኩ ነጩን ጋቢ አይቶ እሷን ያጠቁራታል፣ ወይም እሷን አይቶ ጋቢውን ያቃጥለዋል።

ያነጣጠርኩት ከድሮዎቹ መስታወቶች በአንደኛው በኩል እንዲሆን አድርጌ ነው። የዛሬ መስታወት ቀልጦ፣ ቲን በሚባል በቀለጠ ብረት ላይ ተንሳፍፎ ስለሚሠራ ልክ እንደ ረጋ ውሃ ለጥ ያለ ነው፤ ይህ አሠራር ለዓለም የታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የመስኮት መስታወት አብዛኛው ሞገድ አለው። መስታወት በዕድሜ ብዛት ወደ ታች ይፈሳል የሚባለው እውነት አይደለም፣ ሞገዱ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ያለ ነው። ከሻሼ ጆሮ በስተጀርባ ሽቦው ጎበጥ ብሎ፣ የጋቢው ጥለት እንደ ጅረት ታጥፎ ይታያል። በኳስ በሰበርኩት በኩል ባነሳ ሽቦው ቀጥ ብሎ ይወጣ ነበር።

ድንቢጥ አጥሩ ላይ አረፈች። ሻሼ ፊቷን ግማሽ አዞረች። አነሳሁ።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ነገር ጥቂት ነው። ቀለሙን አወጣሁ። ጭረት የለም፣ ቡኒ የለም፣ የጠቆረ ጠርዝ የለም። በአያቴው ልክ አሳትሜ፣ አንጸባራቂ ያልሆነ ወረቀት ላይ፣ ነጭ ጠርዝ አስቀርቼ አመጣሁት። ጠርዙን እንደ መጋዝ ጥርስ ልቁረጠው አይሉኝ መቼም ብዬ ነበር፣ አሳታሚው ልጅ ግን ጠየቀኝ። አይ አልኩት።

እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር። ፎቶውን ሰፌዱ ላይ አስቀመጥኩላት።

«ውይ! ሙጭሊት!» አለች። እጇ አፏ ላይ ሄደ። «ይሄን ከየት አመጣሽው? ሁለተኛ ተነስታ ነበር እንዴ? ማን ጋ ተገኘ?»

ሙጭሊት በአያቴ ፎቶ ላይ ያለችው ድመት ናት። ስሟን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ከ54 ዓመት በፊት የነበረች ድመት። እናቴ እንባዋ መጣ፣ እኔ ደግሞ የምለው ጠፋኝ። ለሳምንታት የደከምኩለት ነገር ልክ እንደፈለግኩት ሆኖ ነበር፣ ሆኖም ግን እናቴን ወደሌላ ቀን ወስጄ የጣልኳት መሰለኝ።

«እማዬ፣ ሻሼ ናት። የባለፈው ሳምንት ሻሼ።»

ዝም አለች። ፎቶውን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፣ ግንባሩ ላይ ያለውን ነጭ በአውራ ጣቷ ነካችው። ምስሩ ከሰፌዱ ጠርዝ ፈሰሰ፣ አላነሳችውም። ከስልኬ ላይ ያሉት ፊልተሮች በሙሉ ሊያደርጉ የማይችሉትን አንድ ጋቢ አድርጎታል፤ ይህ አስደስቶኝም አስፈርቶኝም ነበር። ነገ እኔም እሷም በሌለንበት ይህን ፎቶ አልበም ውስጥ የሚያገኝ ልጅ የት ያውቃል? ሙጭሊት ናት ቢባል ሻሼ አልነበረችም ማለት ነው። 13 ዓመት እግሬ ሥር የተኛች ድመት በሌላ ድመት ስም ትቀራለች። ፊት ላይ ያለው ብርሃን የድሮ ቢሆን ግድ የለኝም፤ ቀኑ ግን የራሷ መሆን አለበት።

«እስኪርቢቶ አምጪልኝ» አለች እናቴ።

«በእርሳስ ይሻላል፣ ወረቀቱን አይበላውም።»

እርሳስ አመጣሁላት። ፎቶውን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እጇ አሁን ይንቀጠቀጣል፣ ፊደሎቿ ግን የጥንቶቹ ናቸው፤ ‹መ›ን እንደ ድሮዋ ሰፋ አድርጋ ነው የምትጽፈው።

«ስንት ቀን ነበር?»

«14።»

«ለማይረሳ መታሰቢያ። ሻሼ። ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.» ብላ ጻፈች። እርሳሱን ልታስቀምጥ ብላ መልሳ አነሳችው። ሥሩ፣ አነስ ባለ ፊደል፣ ሌላ መስመር ጨመረች፦ «ግድግዳው ፈርሷል። ብርሃኑ የጋቢ ነው።»

ከዚያ ምስሩን ከመሬት እየለቀመች፣ ወደኔ ሳታይ፣ «ጋቢውን ታጠፈ?» አለችኝ።

«አዎ፣ ሳጥን ውስጥ ነው።»

«ነገ መልሰሽ ስቀይው። እኔም እናቴ የቆመችበት ልቁም።»